የአውራ ጣት ታሪክ

ማርሽ የምንለው ቃል ከጣሊያኖች የወረስነው ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ሞላ፣ ብስክሌት የሚለው ቃል ራሱም ሳይቀር በዚያው በር ገብተዋል። ዛሬ እንግድነታቸውን የሚያስታውስ የለም፤ አማርኛ ከተቀበላቸው በኋላ እንደ ቤት ልጅ ያዝዛቸዋል። ቋንቋ የባዕድ ቃል እንዲህ በቀላሉ ይለምዳል። እጅስ? እጅ አንድን አዲስ ዕቃ እስኪለምድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ከለመደ በኋላስ ያንን ዕቃ ነጥቀው ሌላ ቢሰጡት ምን ይላል? ጥያቄው የቧልት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በብስክሌት መሪ ላይ የምትቀመጥ፣ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት የማርሽ መቀየሪያ ምክንያት ሆና ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፣ ተከለካክለዋል፣ ፍርድ ቤትም ቆመዋል። የማጫውታችሁ ታሪኳን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። በብስክሌት የኋላ ጎማ መሐል ላይ ትልቅና ትንሽ ጥርሳም ክቦች ተደርድረዋል። ሰንሰለቱ ትልቁ ላይ ሲወጣ ፔዳሉ ይቀልላል፤ ብስክሌቱ ግን በአንድ ዙር ጥቂት ብቻ ይራመዳል። ይህ ለዳገት ነው። ትንሹ ላይ ሲወርድ ፔዳሉ ይከብዳል፤ አንዱ ዙር ግን ሩቅ ይወስዳል። ይህ ለሜዳና ለቁልቁለት ነው። ሰንሰለቱን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚገፋው ከኋላ የተንጠለጠለ ክንድ ሲሆን ፈረንሳዮቹ ደሬየር ይሉታል፤ ከሐዲድ አውጪ እንደ ማለት ነው። ክንዱን በአንድ ወገን ሞላ ይጎትተዋል፣ በሌላው ወገን ቀጭን የሽቦ ገመድ ይስበዋል። የገመዱ ሌላ ጫፍ በብስክሌተኛው እጅ አጠገብ ካለችው መቀየሪያ ጋር ታስሯል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚያጣላው ነገር ሌላ ነው። ሰንሰለቱ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው እንዲዘል ገመዱ በሚሊ ሜትር ልክ መሳብ አለበት። ይህን ልክ ማን ይወቀው? እጁ ወይስ ዕቃው?

ፖል ደ ቪቪ በፈረንሳይ አገር በሴንት ኤትየን ከተማ የሚኖር የሐር ነጋዴ ነበር፤ የተወለደው በ1853 ነው። ንግዱን ትቶ ለብስክሌት አደረ። «ለ ሲክሊስት» የተባለ መጽሔት አውጥቶ «ቬሎሲዮ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍበት ነበር። ስለ እሱ ሲወራ የኖረ አንድ ጨዋታ አለ። በ1889 ኮል ደ ላ ሬፑብሊክ የሚባለውን ዳገት እያለከለከ ሲወጣ፣ ከገዛ መጽሔቱ አንባቢዎች አንዱ ፒፓውን እያጨሰ ከኋላ ደርሶበት አልፎት ሄደ ይባላል። ቬሎሲዮ የተናደደው በሰውየው አልነበረም፤ በማርሹ ነበር። ቀላል ማርሽ ቢያስገጥም ዳገቱን ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ግን እግሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተርገፈገፈ ብስክሌቱ አይሄድለትም። ከባድ ቢያስገጥም ሜዳውን ይበርበታል፣ ዳገት ላይ ወርዶ ይገፋል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ብስክሌት ላይ ለማግኘት ዕድሜውን ሙሉ ሞከረ፣ ጻፈ፣ ወተወተ። በ1930 ሴንት ኤትየን ላይ ትራም ገጭቶት እስከሞተበት ቀን ድረስ አላቆመም።

በሌላው ወገን የቆመው አንሪ ደግራንዥ ነው። ደግራንዥ በ1893 በአንድ ሰዓት ውስጥ 35 ኪሎ ሜትር ከ325 ሜትር ጋልቦ ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ብስክሌተኛ ነበር። ኋላ «ሎቶ» የተባለው የስፖርት ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ በ1903ም ቱር ደ ፍራንስን ጀመረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1902፣ የፈረንሳይ የብስክሌት ተጓዦች ማኅበር ማርሽ ያላቸውን ብስክሌቶች በቱርማሌ ተራራ ላይ አስፈትኖ ነበር። ማርት ሄስ የተባለች ሴት ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት ይዛ እግሯ መሬት ሳይነካ ጨረሰች ተብሎ ተወራላት። ደግራንዥ ግን አልተበገረም። ማርሽ መቀየር ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ላለፈ ሰዎች ነው፣ ጡንቻ እያለ በመሣሪያ ብልሃት ማሸነፍ ልፍስፍስነት ነው አለ። በውድድሩም ደሬየር እንዳይገባ ከለከለ። ክልከላው ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ደግራንዥን በዚህ ነገሩ ብዙ ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን ሰውየው ጅል ነበር ብዬ አላምንም፤ ጋዜጣ ሻጭ ነበር። ቱር ደ ፍራንስ የተፈጠረው የ«ሎቶ»ን ገበያ ለማሟሟቅ ነው። በማግስቱ ጠዋት አንባቢው ጋዜጣውን የሚገዛው የተሠቃየ ሰው ታሪክ ለማንበብ እንጂ የሽቦ ገመድ አሳሳብ ለመማር አይደለም። ስለ ጡንቻ ክብር ሲሰብክ የገበያውንም ክብር እየጠበቀ ነበር። እጅና እግር «ሊያውቁት ይገባል» ብሎ የሚሟገት ሰው ባገኘን ቁጥር፣ የሚሟገተው ለማን ጥቅም እንደሆነ መጠየቁ አይከፋም።

እስከዚያው ድረስ ተወዳዳሪዎቹ ምን ያደርጉ ነበር? የኋላ ጎማቸው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጥርሳም ክብ ነበረበት፤ አንዱ ለሜዳ፣ አንዱ ለዳገት። የተራራው ግርጌ ሲደርሱ ከብስክሌት ይወርዳሉ፤ ጎማውን የያዙትን ባለ ክንፍ ብሎኖች ፈትተው ጎማውን ያወጡና አገላብጠው መልሰው ያስራሉ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ እንደገና። ጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ በኅዳር 1927 በክሮቼ ዳውኔ ተራራ ላይ በረዶ ውስጥ ቆሞ፣ ብርድ ባደነዘዘው ጣቱ ብሎኑን መፍታት አቅቶት ውድድሩ አመለጠው ተብሎ ይነገራል። ታሪኩን የሚጠራጠሩ አሉ። ያም ሆነ ይህ በአንድ እጅ መታ ሲደረግ ጎማ የሚፈታና የሚታሰር መቆለፊያ ሠርቶ ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ ዛሬም አያሌ ብስክሌት ላይ አለ። በ1933 ቪቼንዛ ላይ ድርጅቱን አቋቋመ።

በ1936 ደግራንዥ ታመመና ውድድሩን ለዣክ ጎዴ አስረከበ። በ1937 ደሬየር ተፈቀደ። የዚያን ዓመት አሸናፊ ሮዤ ላፔቢ ማርሽ እየቀያየረ ፓሪስ ገባ። ፈረንሳይ በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም።

ከዚያ በኋላ የመጡትን መቀየሪያዎች ሳስብ አንዳንዴ ሰርከስ ይመስለኛል። ካምፓኞሎ በ1940ዎቹ ያወጣው «ካምቢዮ ኮርሳ» የተባለው መሣሪያ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ነበሩት፤ ሁለቱም ከኮርቻው በስተኋላ ነበሩ። ብስክሌተኛው እየሄደ እጁን ወደኋላ ይልክና በአንዱ ዘንግ የኋላ ጎማውን ያላላዋል፤ አዎ፣ እየሄደ። በሌላው ዘንግ ሰንሰለቱን ይገፋል፣ ፔዳሉን ወደኋላ ያሽከረክራል፣ ከዚያ ጎማውን መልሶ ያጠብቃል። ጂኖ ባርታሊ የ1948ን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈው በዚህ ነው። ይህን ዕቃ በሙሉ ፍጥነት ለመጠቀም ወራት የፈጀ ልምምድ ያስፈልግ ነበር። የለመዱት ደግሞ ይኮሩበት ነበር፤ መኩራትም ይገባቸዋል።

ከ1950 ወዲህ «ግራን ስፖርት» የተባለው የካምፓኞሎ ደሬየር ወጣና ሥራው ለሽቦ ገመድ ተሰጠ። መቀየሪያዋም ሁለት ትንንሽ ምላሶች ሆና ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ሰያፍ ቧንቧ ላይ ተቀመጠች። ሦስት አሥርት ዓመታት ሙሉ የዓለም ብስክሌተኛ ማርሹን የቀየረው አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ፣ ወደ ጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። የዚያን ዘመን ተወዳዳሪ ሁሉ በዚያው ትምህርት ቤት ያለፈ ነው።

ትምህርት ቤት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ያቺ ምላስ ማቆሚያ ምልክት የላትም። ገመዱን ይዛ የምትቆየው በሰበቃ ብቻ ነው፤ የትም ብታቆሟት ትቆማለች። ትንሽ ሳብ ካደረጋችኋት ሰንሰለቱ ጥርሱ አፋፍ ላይ ይንጫጫል፤ አብዝታችሁ ከሳባችኋት አንዱን ዘልሎ ሌላው ላይ ያርፋል። ልኩን የሚያውቀው ጆሮ ነው። እጅ ይገፋል፣ ጆሮ ያዳምጣል፣ ሰንሰለቱ ጸጥ ሲል እጅ ያቆማል። ክራር ከመቃኘት ብዙም አይለይም። የገመዱ መላላት፣ የጥርሱ መበላት፣ የጭቃው ብዛት ምንም ቢሆን ቅኝቱን የሚያስተካክለው ሰውየው ራሱ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ዕውቀቱ ያለው ከዕቃው ውስጥ ሳይሆን ከእጁ ውስጥ ነው። ዕቃው ደንቆሮ ነበር፤ ስለዚህም ብዙም አይበላሽም ነበር።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረን አውራ ጣት ሥራ ያገኘበትን ቦታ እንይ። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ማሪን በሚባለው አውራጃ ታማልፓይስ የተባለ ተራራ አለ። በ1970ዎቹ የሰፈሩ ጎረምሶች ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየሰበሰቡ በዚያ ተራራ ቁልቁለት ይለቁ ነበር። ከጥቅምት 1976 ጀምሮ በጽሑፍ ሰዓት እየያዙ ይወዳደሩ ጀመር። ቁልቁለቱን «ሪፓክ» አሉት። ፔዳል ወደኋላ ሲረገጥ የሚይዘው የኋላ ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ተቃጥሎ በጭስ ስለሚወጣ፣ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ። እነ ጋሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊ፣ ጆ ብሪዝ ዛሬ የተራራ ብስክሌት አባቶች እየተባሉ የሚጠሩት በዚህ ነው።

ችግሩ መውጣቱ ነበር። ቁልቁል የሚበር ብስክሌት ማርሽ የለውምና ሽቅብ መገፋት ወይም በመኪና መጫን አለበት። በታኅሣሥ 1974 ሚል ቫሊ በሚባለው ከተማ በተደረገ የጭቃ ውድድር ላይ ከኩፐርቲኖ የመጡ ልጆች ታዩ፤ «ሞሮው ዲርት ክለብ» ነን ይላሉ። ወፍራም ጎማ ባላቸው ብስክሌቶች ላይ ደሬየር አስገጥመዋል። መቀየሪያዋንም ከቧንቧው ላይ አንስተው መሪው ላይ፣ ከአውራ ጣት አጠገብ አድርገዋታል። የማሪን ልጆች አዩና ቀሰሙ። የኩፐርቲኖዎቹ ስም ብዙም ሳይነሣ ቀረ፤ ታሪክ እንዲህ ያለውን ግፍ አዘውትራ ትሠራለች።

መሪው ላይ መምጣቷ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድንጋይ በሚያንገራግጨው ቁልቁለት ላይ እጁን ከመሪው ያነሣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አራቱ ጣቶች መሪውንና ፍሬኑን ይዘዋል፤ ሥራ ፈት የነበረው አውራ ጣት ብቻ ነው። እንግዲህ እሱ ተቀጠረ። ከመሪው በላይ የምትቀመጠው፣ በአውራ ጣት የምትገፋው ምላስ በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በብዛት ባመረተው «ስተምፕጀምፐር» ብስክሌት ላይ ወጣች፤ በ1982 ደግሞ የጃፓኑ ሺማኖ «ዲዮር ኤክስ ቲ» ብሎ ለተራራ ብስክሌት ብቻ የተሠሩ ዕቃዎችን ገበያ ላይ አዋለ። አሁንም ግን ቃኚው ሰው ነበር።

ይህን የለወጠው ያው ሺማኖ ነው። ድርጅቱ በ1921 ሳካይ በምትባለው፣ በቢላዋ ሥራ በታወቀች ከተማ የተቋቋመ ነው። ሳንቱር የተባለው ሌላ የጃፓን ድርጅት በ1964 ሰንሰለቱን ወደ ጥርሶቹ አስጠግቶ የሚይዝ ሰያፍ ደሬየር ፈልስፎ በፈጠራ መብት አስጠብቆ ነበር። የመብቱ ዘመን በ1984 ገደማ አለቀ። ሺማኖ በ1984 ያንን ቅርጽ ወስዶ፣ መቀየሪያዋ ውስጥ ደግሞ ጥርስና ከልካይ ምላስ ጨምሮ አዲስ ነገር አወጣ። ምላሷን ስትገፏት ቀጭ ትላለች፤ አንድ ቀጭ፣ አንድ ማርሽ። ጆሮ ማዳመጥ ቀረ። ክራሩ ተቃኝቶ ተሸጠ ማለት ነው።

አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሠላሳ ዓመት ከጋለበ ሰው እኩል ማርሽ መቀየር የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብስክሌት የሽማግሌ ሊቃውንት ማኅበር አይደለም። ነገር ግን ዋጋ ነበረው። ቀጭታዋ ልክ የምትሆነው መቀየሪያው፣ ደሬየሩና የጥርሶቹ ርቀት እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ነው። ድሮ የአንዱን ፋብሪካ ምላስ ከሌላው ደሬየር ጋር አስማምቶ የሚያሠራው የሰው እጅ ነበር፤ አሁን እጅ ከሥራው ስለወጣ ሁሉንም ከአንድ ፋብሪካ መግዛት መጣ። ዕውቀት ከእጅ ወጥቶ ዕቃ ውስጥ ሲገባ፣ ከዕቃው ባለቤት ጋር አብሮ ይሄዳል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ባለ ቀጭታ የአውራ ጣት መቀየሪያዎች ይህን ያወቁ ይመስል አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነበረቻቸው። ደሬየሩ ተጣምሞ ወይም ገመዱ ላልቶ ቀጭታው አልገጥም ሲል፣ ቁልፏን ሲያዞሯት ምላሷ ወደ ድሮ ጸባይዋ ትመለሳለች፤ በጆሮ እየቃኙ ቤት ይገባሉ። በ1989 ሺማኖ «ራፒድፋየር» የተባለውን ሲያወጣ ያቺ ቁልፍ ጠፋች። መቀየሪያው ከመሪው በታች ገባ፤ አንዷ ቀጥላ ሌላዋ ከሥሯ፣ ሁለት ምላሶች ሆኑ፤ ሁለቱም በአውራ ጣት የሚገፉ ናቸው። አንዷ ታቀልላለች፣ አንዷ ታከብዳለች። ጓንት ያጠለቀ አውራ ጣት፣ በዳገት መሐል፣ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች እንዲለይ ተፈረደበት። ጩኸቱ በዛ። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኩባንያው ራሱ አሻሻለውና ማቅለሉን ለአውራ ጣት፣ ማክበዱን ለሌባ ጣት አከፋፈለ። የፈረንጅ ጣት የእኛን ስም ቢያውቅ ኖሮ ቅር ይለው ነበር፤ ያም ሆኖ ሌባ ጣት የተጠራቀመውን ገመድ አንድ ጥርስ፣ አንድ ጥርስ እያለ ሲያስመልጥ ስሙ አይበዛበትም። ዛሬ በዓለም ላይ የሚበዛው የተራራ ብስክሌት መቀየሪያ የዚህ ልጅ ነው።

ያኔ የተቃወሙትን ሰዎች ከደግራንዥ ጋር አንድ ላይ ማሰር ፍርደ ገምድልነት ነው። በአሜሪካ የብሪጅስቶን ብስክሌቶችን ሥራ ይመራ የነበረው ግራንት ፒተርሰን ድሮዋ ምላስ ትሻላለች ብሎ ሲከራከር የሰው ልጅ ይሠቃይ ማለቱ አልነበረም። አዲሱ ሣጥን ተበላሽቶ ቢከፈት ውስጡ የጥቃቅን ሞላና ጥርስ መንጋ ነው፤ የድሮዋ ግን አንድ ብሎን ናት። ጥያቄው ምቾት ሳይሆን ጥገና ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት የያዘ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በዚሁ ሰሞን ከቺካጎ አንድ ትንሽ ድርጅት ብቅ አለ፤ ስሙ ስራም ነው፣ በ1987 ተቋቋመ። ምላስ የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ሞተር ብስክሌት ጋዝ መሪውን ጨብጠው የሚጠመዝዙት መቀየሪያ ነው የሠራው። ሁሉንም ዕቃ ከሺማኖ ለሚገዙ አምራቾች የዋጋ ቅናሽ ይደረግ ስለነበር የስራም መቀየሪያ በር ተዘጋበት። በ1990 ከሰሰ፤ በ1991 ገንዘቡ ሳይገለጽ ታረቁ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1990ዎቹ መካከል የሚጠመዘዘው መቀየሪያ በየብስክሌቱ ላይ ይታይ ነበር። የዓለም ብስክሌተኛ አውራ ጣት የት መዋል እንዳለበት የፍርድ ቤት መዝገብ ነካው ብል ማጋነን አይሆንም።

እኔ ራሴ ይህን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት እጄ ሲያስቸግረኝ ነው። ብስክሌቴ አሮጌ ነው፤ ከመሪው በላይ የምትቀመጥ የአውራ ጣት ምላስ ነበረችው። ዓመታት አገልግላ ከልካይዋ ተበላና ሰንሰለቱ በዳገት መሐል ወደ ከባዱ ማርሽ ይንሸራተት ጀመር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ያገለገለ፣ ከመሪው በታች የሚገባ፣ በሁለት ጣት የሚሠራውን ዓይነት አፈላልገው ገጠሙልኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ አውራ ጣቴ መሪው ላይ ይወጣና ምንም በሌለበት ባዶ አየር ይገፋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ ነው። ዓይኔን ወደ መቀየሪያው ብልክ መንገዱ ያመልጠኛል፤ መንገዱን ብይዝ ጣቴ ወደ ድሮ ቦታው ይሮጣል። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እጄ እንቢ አለኝ» አልኳቸው።

«እንቢ አላለም። የድሮ ጌታውን እየፈለገ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «በቅሎ ገዝተህ አታውቅም መቼም። አዲሱ ገዢ ቤት ገብታ እንኳ ሳምንት ሙሉ ዞራ የምታየው የመጣችበትን መንገድ ነው። አትምታት፤ በዚያው መንገድ አመላልሳት።»

«ስንት ጊዜ?»

«እሱን እሷ ናት የምታውቀው።»

አሮጌዋን ምላስ ልወስዳት ስል ከለከሉኝና የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጨመሯት። ብሎኗ ገና ደህና ነው፣ ለሌላ ሰው ትሆናለች አሉ።

ሽማግሌው የተናገሩትን ሐኪሞች በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1953 ለሚጥል በሽታ አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው የካናዳ ተመራማሪ በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ጠርዝ በእርሳስ እንዲከተል ሰጠችው። በመስተዋት ግራው ቀኝ፣ ላዩ ታች ስለሚሆን ለማንም አስቸጋሪ ነው። ሦስት ቀን አለማመደችው፤ በየቀኑ ሥራውን ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም ይላል፤ እጁ ግን በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ። ውጤቱ በ1962 ታተመ። እጅ የሚማርበት ቤት ጭንቅላት ነገር ከሚያስታውስበት ቤት ሌላ ነው ማለት ነው። ጭንቅላቴ አዲሱን መቀየሪያ የተረዳው በአምስት ደቂቃ ነው፤ እጄ ግን ወደዚያ ትምህርት ቤት የገባው ሌላ በር አንኳኩቶ ነው። በአራተኛው ሳምንት ገደማ እንጦጦ ማርያም ደርሼ ስወርድ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ ማርሽ አንድም ጊዜ እንዳላሰብኩ ገባኝ። መቼ እንደለመደው አልነገረኝም።

ፋብሪካዎችም ይህን በር በገንዘባቸው ተምረውታል። በ2003 ሺማኖ ውድ በሆኑት ዕቃዎቹ ላይ ምላሶቹን ከነጭራሹ አጥፍቶ ማርሽ መቀየሩን ለፍሬኑ እጀታ ሰጠው፤ እጀታውን ወደ ራስ ሲስቡት ፍሬን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉት ማርሽ። ከዚያ አልፎ የደሬየሩን ሞላ አቅጣጫ ገለበጠው፤ ድሮ የሚያከብደው አሁን የሚያቀልል ሆነ። መሐንዲሶቹ ያቀረቡት ምክንያት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሞላው ወደ ትልቁ ጥርስ ሲጎትት ዳገት ላይ ሰንሰለቱ በለስላሳው ይወጣል። ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሌባ ጣትና አውራ ጣት አሥር ዓመት የተማረውን በአንድ ጀምበር እንዲረሳ ነበር የጠየቁት። ገዢው ፊቱን አዞረ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኩባንያው ሁለቱን ምላሶች መለሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጣን ነው። በ2012 ስራም ከፊት አንድ ጥርሳም ክብ ብቻ፣ ከኋላ አሥራ አንድ ያለው የተራራ ብስክሌት ዕቃ አወጣ፤ በ2016 የኋላው አሥራ ሁለት ደረሰ። የፊት ማርሽ ቀረና የግራ አውራ ጣት ከሥራ ተሰናበተ። ብዙም ሥራ ፈት አልሆነም፤ ኮርቻውን እየሄዱ ዝቅና ከፍ የምታደርግ ሌላ ምላስ ተሰጠችው። በዚሁ በ2016 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ደግራንዥ ማርሽ የከለከለበትን ቱር ደ ፍራንስ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2019 ደግሞ ስራም የሽቦ ገመዱን ራሱን አስወግዶ ትእዛዙን በአየር ወደ ደሬየሩ የሚልክ፣ ባትሪ ያለው የተራራ ብስክሌት መቀየሪያ አመጣ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ ሺማኖ ለተራራ ብስክሌት በኤሌክትሪክ የሚሠራ መቀየሪያ ሲያወጣ መሐንዲሶቹ አንድ ነገር ማሰብ ነበረባቸው። የሚሳብ ገመድ የለም፤ የሚጠራቀም ጥርስ የለም፤ የሚከለክል ምላስ የለም። አንዲት ቁልፍ እንደ በር ደወል ብትነካ ይበቃ ነበር። እነሱ ግን ሁለት ምላሶች ሠርተው ድሮ በነበሩበት ቦታ፣ ከመሪው በታች፣ አውራ ጣት በሚያውቀው በኩል አስቀመጧቸው። ሲገፏቸው ትንሽ ተጉዘው ቀጭ ይላሉ።